የእሁድ ጠዋቱ የወፍ ሰዓት አይሰረዝ

ኮሚቴያችን ለመጪዎቹ ወራት ያወጣው ዕቅድ ውስጥ አንድ መስመር አለ። ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ እሁድ ጠዋት ኮርኒሽ ላይ ተገናኝተን ወፍ የምናይበት ሰዓት ይቅርና በቦታው የፀጉር ሥራ ሥልጠና ይግባ ይላል። ምክንያት ተብለው የቀረቡት ሦስት ናቸው። የሚመጣው ሰው ትንሽ ነው፤ ክረምቱ ይዘንባል፤ ወፍ ማየት ምንም አይጠቅምም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። በሦስተኛው ላይ ግን ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥልጠናውን አልቃወምም። እኔም ከሚመዘገቡት አንዷ ነኝ፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት በዚህ ከተማ ጦሟን አታድርም። የምለው ከሰዓት በኋላ ይሁን ነው። ለፀጉር መብራት ይበቃል፣ ጄኔሬተሩ ከሠራ። ለወፍ ግን የጠዋት ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

"ለመሆኑ እዚህ አገር የመጣነው ወፍ ልናይ ነው እንዴ?" ያለች እህት ነበረች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጣነው ለሥራ ነው። እስቲ ታዲያ እሁዳችንን እንቁጠረው። ብር እንልካለን። እናት ጋ እንደውላለን፤ ከደወልን ደግሞ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጎረቤት ልቅሶ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ይነሳል። ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ እንደርሳለን። ዶራ ወርደን በርበሬና እንጀራ እንገዛለን። ዕቁብ እንጥላለን። የተጣሉትን እናስታርቃለን፤ ኢቃማዋ ያለቀባትን እንመክራለን፤ ከቤት የወጣችውን ማደሪያ እንፈልግላታለን። ሲመሽ ደክሞን እንገባለን። ይሄ ሁሉ ደግ ነው፣ ማንም እንዲያስቀረው አልፈልግም። ግን ልብ በሉልኝ፤ ሁሉም ሥራ ነው። ስድስቱን ቀን ለማዳም፣ ሰባተኛውን ለዘመድና ለወገን። የትኛዋ ሰዓት ናት የራሳችን?

ዕረፍት የሚለው ቃል እዚህ አገር ብዙ ታሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ኮንትራት ግን በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንዲሰጣት ያዛል። አጠቃቀሙን ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ይወስኑ ብሎ ደግሞ ተወው። ማዳምና ሠራተኛ ሲስማሙ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፦ ዕረፍትሽ እሁድ ነው፣ ክፍልሽ ውስጥ ቁጭ በይ፣ ልጁ ሲነቃ ብቻ ወተቱን አሙቂለት። በ2020 የተሻለ ኮንትራት ወጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ ዕረፍት ማለት ከሥራ መቆም ብቻ አይደለም ብዬ ነው የምከራከረው። ወጥቶ፣ የፈለጉበት ቦታ ቆሞ፣ ለማንም መልስ የማይሰጡበትን ነገር ማየት መቻል ነው። የወፏ ሰዓት ለዚህ ትስማማለች፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ከእሷ ምንም አያገኝም። ማዳምም፣ ቤተሰብም፣ ኮሚቴውም።

መጥታችሁ ለማታውቁ ቦታውን ልንገራችሁ። ከአይን መሬሴ ተነስተን ባሕሩን በቀኝ አድርገን በማናራ በኩል እስከ ረውሼ ድንጋዮች ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። መግቢያ የለውም፣ ትኬት የለውም፣ ጠባቂ "የት ነው?" ብሎ አያስቆምም። በዚህ ከተማ ጥቁር ሴት ያለ ዕቃ፣ ያለ ሕፃን ጋሪ፣ ያለ ውሻ ገመድ ስትሄድ "የማን ሠራተኛ ነሽ?" የማትባልበት ቦታ ስንት ነው? ዓሣ አጥማጆቹ ረጅም ዘንጋቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ቆመዋል፤ ቡና ሻጩ ሲኒውን ያንኳኳል፤ ሯጮቹ ያልፋሉ። እኛም እንደ ማንም ሰው እንቆማለን።

ከዚያ ነውረሶቹ አሉ። የባሕር ወፍ የምንላትን እዚህ አገር ነውረስ ይሏታል፤ እኛም ለምደነዋል። አብዛኛው ሰው ነጭ ወፍ ነች ብሎ ያልፋታል። ነውረስ ግን አንድ ዓይነት አይደለችም። ትንሿ፣ ምንቃሯና እግሯ ጠቆር ያለ ቀይ የሆነው፣ ከዓይኗ ኋላ ከሰል የነካት የመሰለ ነጥብ አላት። ባለ ነጥቧ ነው የምንላት። ከጥቁር ባሕር ዙሪያ፣ ከዩክሬንና ከሩሲያ በኩል ውሃው በረዶ ሊሆን ሲል ነው ወደዚህ የምትወርደው። ክንፏ ላይ ቡናማ፣ ጅራቷ ጫፍ ላይ ጥቁር መስመር ያለባት ካያችሁ ያቺ ዘንድሮ የተፈለፈለች ጫጩት ናት፤ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሄደችው። እኛ ውስጥ አዲስ የመጣችን ልጅ በአረማመዷ እንደምንለየው ማለት ነው።

በየካቲት አካባቢ የባለ ነጥቧ ራስ መጥቆር ይጀምራል። መጀመሪያ የቆሸሸ ይመስላል፣ ቀስ በቀስ ይሞላል፣ በመጋቢት ራሷ ሁሉ የተቆላ ቡና ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ያየች ልጅ ሌላ ወፍ መጣ ብላ ነበር የነገረችን። ያን ዕለት እትዬ የምንላቸው እናታችን፣ እዚህ አገር ከሁላችን በላይ የቆዩት፣ "የመስቀል ወፍስ እንደዚሁ አይደለች?" አሉ። እውነታቸውን ነው። የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች እንላለን፤ ለዘመድም ምሳሌ አድርገናታል። ግን የትም አልሄደችም። ወንዱ በክረምት ቀዩን ወይ ቢጫውን ከጥቁሩ ጋር ይለብሳል፣ ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆንና ከመንጋው ይቀላቀላል። እዚያው ዓመቱን ሙሉ ማሳው ውስጥ ነበር፤ እኛ ነን የማናውቀው። እትዬ ይህንን ያሉ ጊዜ ስለ አገራቸው እርሻ፣ ስለ ደመራቸው፣ ስለ አባታቸው ግማሽ ሰዓት አወሩ። እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ኮሚቴው ይህን በምን ሚዛን እንደሚመዝነው አላውቅም።

ትልቋ ነውረስ ደግሞ ሌላ ናት። ጀርባዋ ግራጫ፣ እግሯ ቢጫ ነው፤ ምንቃሯ ጫፉ አካባቢ በክረምት ጥቁር ቀለበት ያለበት ናት። የአርመን ነውረስ ትባላለች። ጎጆዋን የምትሠራው በአርመን አገር በሴቫን ሐይቅ፣ እንዲሁም በቱርክና በኢራን ሐይቆች ላይ ነው፤ ክረምቱን እዚህ ባሕር ዳር ታሳልፋለች። እሁድ እሁድ የምንገበያይበት ቡርጅ ሐሙድ የማን ሰፈር እንደሆነ ታውቃላችሁ። እነዚያም አባቶቻቸው ከመከራ ሸሽተው ነው የመጡት፣ እዚሁ ቀሩ። ነውረሷ ግን በየዓመቱ ትመለሳለች።

ከነውረስ ሌላ ዓለቶቹ ላይ ክንፉን እንደ ልብስ ዘርግቶ የሚያደርቅ ትልቅ ጥቁር ወፍ አንዳንድ ቀን ይገኛል፤ ጠልቆ ዓሣ የሚይዝ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ በውሃው ላይ ዝቅ ብላ እንደ ጥይት የምታልፍ ትንሽ ሰማያዊ ወፍ አለች። እሷን ፌሩዝ ብለናታል። ቃሉ በዓረብኛ የዚያ ሰማያዊ ድንጋይ ስም ነው፣ ዘፋኟን ደግሞ በየጠዋቱ ወጥ ቤት ውስጥ ከሬዲዮ ያልሰማ የለም። ፌሩዝን ያየ ሰው ሻይ ይጋብዛል የሚል ሕግ አለን። ብዙ ጊዜ አልተጋበዝንም።

እኔ የምወዳት ግን ሌላዋን ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ ክብደቷ ከ25 ግራም የማይበልጥ፣ አስፋልቱ ላይ በሰው እግር መሀል የምትሮጥ፣ ጅራቷን ለአንዲት ደቂቃ የማታሳርፍ። ተወዛዋዧ ነው ስሟ በኛ ዘንድ። ይህቺው ወፍ በበጋ አገራችንም ትወርዳለች፤ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ፣ ጅረት ዳር አይታችኋታል፣ ስም ሳትሰጧት። ቢጫዋን እህቷን ደግሞ ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቃታል፤ ላሟ ስትራመድ ዝንቧን ለመልቀም ከእግሯ ሥር የምትሮጠው። የዚህ አገር ክረምት የኛ በጋ አይደል? ኅዳር ላይ አንዷ ቤይሩት ቀርታ ሌላዋ ባሕሩንና በረሃውን አቋርጣ ጤፍ የሚታጨድበት ትደርሳለች።

ፎቶ ስለማንሳት ደግሞ። ትልልቅ ካሜራ፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ የያዙ ሰዎች ኮርኒሽ ላይ ይታያሉ። አንዳንዶቻችን እነሱን አይተን ስልካችንን ወደ ቦርሳችን መለስን። አትመልሱ። የስልክ ካሜራ ሩቅ አያመጣም፤ ስለዚህ ወፏ እንድትመጣ መጠበቅ ነው። ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን ሲያጸዳ ነውረሶቹ እጁ ሥር ይደርሳሉ፤ እዚያ ጋ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቁሙ። በጣት አታስጠጉት፣ ምስሉ ይበላሻል፤ እንዳለ አንስታችሁ በኋላ ቁረጡት። ሩጫ ላይ ወይ በረራ ላይ ካለች ማንሻውን ተጭናችሁ ያዙት፣ ከሃያው አንዱ ይወጣል። ተወዛዋዧን ለማንሳት ቁጭ በሉ፤ ቆሞ የተነሳ ፎቶ ጀርባዋን ብቻ ነው የሚያሳየው። ዳቦ አትጣሉላቸው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ አይጠቅማቸውም፣ ቦታውም ይቆሽሻል።

የጠዋቱ ነገር እንግዲህ ይሄ ነው። የኮርኒሻችን ባሕር ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከተራራው በኩል ከጀርባችን ትመጣና ወፏ ላይ ታርፋለች፤ የእግሯ ቀይ፣ የዓይኗ ክብ፣ ላባዋ አንድ በአንድ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ትሆናለች፣ ዓይን ትወጋለች፣ ነውረሱ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ፎቶ የምትወዱ ለጀንበር መጥለቂያ ኑ፣ ያምራል፤ ወፍ ለማወቅ ግን አይሆንም። ኮሚቴው "ሰዓቱን ወደ ከሰዓት እናዙረው" የሚል አስታራቂ ሐሳብ እንዳያመጣ አስቀድሜ ነው የምናገረው።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ማናራ አካባቢ ሐማም አስከሪ የሚባለው የወታደር ቦታ ነው። እዚያ ጋ ስንደርስ ስልክ ወደ ኪስ። ኬላም፣ ወታደርም፣ የኤምባሲ አጥርም አይነሳም፤ ነውረስ ብትቀመጥበትም። ሌላው፣ ከቤት ወጥታ ያለች፣ ወረቀት የሌላት እህት አብራን ልትሆን ትችላለች። ፊት የሚያሳይ ፎቶ ቲክቶክ ላይ አይወጣም፣ የስልኩም የቦታ ምልክት ይጠፋል። ወፏን ለጥፉ፣ ሰዋችንን ተዉ።

አሁን ወደማይመቸኝ ነገር ልምጣ። የወፍ ሰዓቱን የሚደግፉት ሰዎች ራሳቸው ሲናገሩ "ወፍ ፓስፖርት የላትም፣ ካፊል የላትም፣ ነፃ ናት፣ እሷን አይተን እንጽናና" ይላሉ። ከልብ እንደሚሉት አውቃለሁ። ግን ወፏንም እኛንም አለማወቅ ነው። ነውረሷ ለሽርሽር አልመጣችም፤ ውሃዋ ስለሚጋግር፣ የምትበላው ስለሚያልቅ ነው የመጣችው። መንገዱ ላይ ደግሞ የሚጠብቃት አለ። ስለ ወፍ አደን ዓለም አቀፍ ጥናት ያካሄዱ ሰዎች በሊባኖስ ብቻ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ገደማ ወፍ ከሕግ ውጭ እንደሚገደል ገምተዋል። የአደን ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ። ተራራ ላይ ቤት ያላቸው አሠሪዎች ጋ የሠራችሁ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያን ተኩስ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ጣት የማታክል ወፍ ነጭታችሁ ጠብሳችኋል። ምርጫ ስለሌላችሁ ነው፤ የምወቅሳችሁ የለም።

ነውረሶቹም ቢሆኑ አልቀረላቸውም። የ2015ቱ የቆሻሻ ቀውስ ትዝ ይላችኋል፤ ከተማው በቆሻሻ ተጥለቅልቆ ማዳሞቻችን መስኮት አትክፈቱ ሲሉን። ከዚያ በኋላ ኮስታ ብራቫ የሚባለው የቆሻሻ መጣያ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባሕሩ ዳር ተከፈተ። ቆሻሻ ባለበት ነውረስ ይመጣል። አውሮፕላን ላይ አደጋ ያመጣሉ ተባለና በጥር 2017 አዳኞች ተጠርተው ነውረሶቹን ተኩሰው ጣሏቸው። መጣያውን እዚያ ያስቀመጠው ነውረስ አልነበረም። እንግዲህ ይቺን ነው ነፃ የምትሏት? መመለሻዋን ማንም ሳጥን ውስጥ አልቆለፈባትም ካላችሁኝ እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ። ከዚያ ውጭ ግን ወፏ ምሳሌያችን እንድትሆን አልፈልግም። ወፍ ትሁን፣ ይበቃታል። የምናያት እሷን ለማወቅ ነው፤ ስለ ራሳችን ለማልቀስ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

"እሁድ የማትወጣውስ?" የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ይህ ሰዓት ከቤት ለሚያስወጧቸውና በራሳቸው ተከራይተው ለሚኖሩ ነው፣ ለተቆለፈባት ምን ያደርጋል? ሲባል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ለእሷ የሚሠራው ይሄ ይመስለኛል። ሹሩባ በስልክ አይሠለጠንም። በረንዳ ግን ሁሉም ቤት አለ፣ ልብስ የምታሰጣው ደግሞ እኛው ነን። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ ወጥታ የማታውቅ አንዲት እህት አለች። ልብስ በምታሰጣበት አሥር ደቂቃ የምታየውን በድምፅ ትልክልናለች። ግራጫና ጥቁር ቁራ። ዋኔ የምትመስል ግን ደረቷ ነጠብጣብ ያለው ርግብ። ቡልቡል፣ ከጅራቱ ሥር ቢጫ። አበባ ውስጥ ምንቃሯን የምትከት፣ ፀሐይ ሲነካት አረንጓዴና ወይን ጠጅ የምታበራ በጣም ትንሽ ወፍ። እኛ ኮርኒሽ ቆመን በስልክ እናዳምጣታለን፣ ያየነውን እንነግራታለን። እኛ ያላየነውን ብዙ አይታለች።

ይህቺው እህት ያየችውን በልጆቹ ያለቀ ደብተር ጀርባ ላይ ከነቀኑ ትጽፍ ነበር። ቀን መጻፍ ስትለምድ ከወፏ ጎን የተነሳችበትንና የተኛችበትን ሰዓት፣ ደመወዝ የተሰጣትንና ያልተሰጣትን ወር ጨመረች። በኋላ የደመወዟ ነገር ሲነሳ፣ ያ ደብተር ከሁሉም ንግግር በላይ ሠራ፤ "አላስታውስም" የሚል ሰው ፊት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከባድ ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን እየታዘብኩ ነው፤ "ይኸው ጠቀመ" ወደሚለው ክርክር እየገባሁ ነዋ። ደብተሩ ባይጠቅማት ኖሮም ወፎቹን ማየቷ ትክክል ነበር። ግን ጥቅም የሚጠይቁ ስላሉ ይመዝገብላቸው።

የሚመጣው ሰው ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ነን። የኮሚቴው ስብሰባ ራሱ ስንት ሰው እንደሚመጣበት አልናገርም። ወጪ የለበትም፤ የሩቅ ማያ መነጽሩ አንድ ነው፣ አሮጌ ነው፣ በየተራ ነው። ዝናቡን በሚመለከት፣ የሚዘንብ ቀን አንሄድም፤ ማዕበል ያለፈበት ማግስት ግን ነውረሶቹ ወደ ዳር ተጠግተው፣ ዓለቱ ላይ ተደርድረው የሚገኙበት ነው፣ እንዲያውም የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው። በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲበረታ በዚህ ከተማ መንገድና በዚሁ ኮርኒሽ ላይ ቤቱን ትቶ የሸሸ ሰው ከነልጁ ያድር ነበር። አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ እህቶቻችንም ሜዳ ላይ ቀርተው ነበር። ያን ክረምትም ነውረሶቹ በጊዜያቸው መጡ። እኛም ስንቻል ወጣን፣ አራት ሆነን። ያኔ ያልተሰረዘ ነገር አሁን በፀጉር ማድረቂያ ምክንያት ሲሰረዝ አላይም።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ሥልጠናው ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመር፣ የጠዋቱ ሰዓት እንዳለ ይቆይ፣ የመስመሩም ስም "መዝናኛ" ከሚባል "የዕረፍት ሰዓት" ይባል። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፤ እሁድ የማትወጡም በስልክ ድምፃችሁ ይቆጠራል፣ ይህንን ከጸሐፊያችን አረጋግጫለሁ።

እስከዚያው ወሩ እየሄደ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ ነጥቦች መጥተዋል፤ ባለፈው እሁድ አሥራ አንድ ቆጥረናል፣ ሁለቱ የዘንድሮ ልጆች ናቸው። በታኅሣሥና በጥር ይበዛሉ። የካቲት ላይ ራሳቸውን ተመልከቱ። መጋቢት ሲገባ ደግሞ ባሕሩን ትታችሁ ቀና በሉ፤ ሽመላዎቹ ከደቡብ የሚመለሱበት ነው። ከሱዳን፣ ከቻድ፣ ከኛም አገር፣ አንዳንዶቹ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ተነስተው በስምጥ ሸለቆውና በቀይ ባሕር በኩል ነው የሚመጡት። በዚያ መስመር 37 ዓይነት ትልልቅ በራሪ ወፍ፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ በየዓመቱ ያልፋል። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በሞቀ አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፣ ከተማው ላይ ሲያልፉ ነጭ ወረቀት የተበተነ ይመስላል። ያን ለማየት ከበረንዳ ይሻላል፤ ሰባተኛ ፎቅ ያለችው እህታችን ዘንድሮ ቀድማ እንደምታያቸው ተወራርዳለች።

እሁድ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አይን መሬሴ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚቆሙበት። ኢቃማ ያላችሁ ኮፒውን ያዙ። ሻይ የማመጣው እኔ ነኝ፤ ስኳር የማትፈልግ ቀድማ ትንገረኝ።